ዘጠነኛው ስም፦ የአምበል ኩሩቪላ ቻኮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኩሩቪላ ቻኮ ከአባታቸው ከመምህር ቻኮ ኩሩቪላና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሌያማ ማታይ፣ በፓምፓ ወንዝ ዳር በኮዠንቼሪ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1938 ተወለዱ። ክርስትና የተነሡት ዛሬ ልንሸኛቸው በተሰበሰብንበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከእናትና አባታችን ሦስት ተወልደናል፤ እሳቸው የበኩር ልጅ፣ እኔ ይህን የጻፍኩት ሳራማ መካከለኛ፣ ጆይ የመጨረሻ። በቤታችን ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፤ አቻያን ይባላል። እኛ ከዚያ ሌላ ጠርተናቸው አናውቅም።

አባታችን በ1951 ሲሞቱ አቻያን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ጆይ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ከቀብር መልስ እናታችን የጆይን እጅ ይዘው በአቻያን እጅ ላይ አስቀመጡና «እንግዲህ የዚህ አባት አንተ ነህ» አሏቸው። አቻያንም ቃሉን እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ሹመት ተቀበሉት። በዝናቡ ወራት የሩዝ ማሳው በውሃ ሲሞላ ጆይን በትከሻቸው ተሸክመው ትምህርት ቤት ያደርሱት ነበር። የጎማ ዛፍ ወተት እንደ ክር እያጠነጠኑ ኳስ፣ የኮኮናት ቅርንጫፍ ጠርበው መምቻ ሠርተው ክሪኬት ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

ጆይ አሥር ዓመት ሲሞላው ከግቢያችን የወረወረው ኳስ አጥር ተሻግሮ የቄሱን የውሃ እንስራ ሰበረ። አባ ቆሻይ ዱላቸውን ይዘው መጡ። አቻያን ከፊት ቆመው «እኔ ነኝ አባ» አሉ። ቄሱ አቻያንን ከላይ እስከ ታች አዩና «አንተማ ወርውረህ ቤተ ክርስቲያኑን እንኳ አትመታም። ትንሹን አምጣው» አሉ። ጆይን ግን አልመቱትም፤ ሌላ እንስራ ከሩቅ አስቀምጠው ድገመው አሉት። ደገመው። ሁለት እንስራ በአንድ ቀን ያጡት አባ ቆሻይ ይህን ታሪክ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩ ኖሩ። አቻያንም የዚያን ዕለት ለእናታችን «ይህ ልጅ ከእኔ ይበልጣል» አሏቸው። ይህን ቃል እባካችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አቻያን ትምህርታቸውን በኮዠንቼሪና በኮታየም ተከታትለው በ1959 በኮታየም ከተማ በባንክ ሥራ ተቀጠሩ። ባንኩ የራሱ ቡድን ስለነበረው ቀን ቀን ደንበኛ አስተናግደው ከሰዓት በኋላ ልምምድ ይወርዱ ነበር። በ1961 ለክልላችን ቡድን ተመረጡ። በ1964 ከወይዘሮ ሶሳማ ኢታፕ ጋር በተክሊል ተጋቡ፤ ሼርሊንና ቢኖይን ወለዱ። በ1966 የክልሉ ቡድን አምበል ሆነው ተሾሙ። ሦስተኛ ሆነው የሚመቱ፣ ሲሸነፉ ቀድመው ጨብጠው ሲያሸንፉ ኋላ የሚወጡ አምበል እንደነበሩ አብረዋቸው የተጫወቱ ዛሬም እዚህ አሉና ይመሰክራሉ።

በ1967 ጆይ በፈጣን ወርዋሪነት ለዚያው ቡድን ተመረጠ። የመረጡት መራጮች እንጂ አቻያን አልነበሩም፤ ወሬው ግን ይህን አልጠየቀም። አንድ ጋዜጣ «አሥር ተጫዋችና አንድ ወንድም» ብሎ ጻፈ። በየሜዳው ከአጥር ጀርባ «አምበል፣ እናትህንስ ለመቼ አስቀመጥካቸው?» እያሉ ይጮኹባቸው ነበር። ጆይ ይስቅ ነበር። «እማማን ብታሰልፋቸው እኮ አንድ ኳስ አያልፋቸውም» ይል ነበር። አቻያን አይስቁም። ምግብ ቀርቦላቸው ጋዜጣውን አጥፈው ሳይበሉ ሲነሡ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጃንዋሪ 1969 እንመጣለን። በታላሴሪ ሜዳ ከጎረቤት ክልል ጋር የሦስት ቀን ጨዋታ ነበር። ለአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የሚፈልጉ ሁለት መራጮች ጆይን ሊያዩ እንደሚመጡ በጋዜጣ ወጣ። ከኮዠንቼሪ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሄደ። እናታችን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ረገጡ። የተቀቀለ ካሳቫና የዓሣ ወጥ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው አንዱን ለአቻያን፣ አንዱን ለጆይ ይዘው ነበር። ጆይ ጫማውን ኖራ ቀብቶ፣ እንዳይነካ በባዶ እግሩ ቆሞ ይጠብቃል።

እንደ ደንቡ አምበል የአሥራ አንዱን ተጫዋቾች ስም በወረቀት ጽፎ፣ ሳንቲም ከመወርወሩ በፊት ለባላጋራው አምበል ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚለወጥ ስም የለም። አቻያን ጠዋት ሲጽፉ ዘጠነኛው ስም ጆይ ነበር። ወረቀቱን ሲሰጡ ዘጠነኛው ስም ላዘር ሆነ። ላዘር የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ኳስ እያሾረ የሚወረውር፣ ጥሩ ልጅ ነበር። ጆይ አሥራ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ከመስመር ውጭ ቀረ። የአሥራ ሁለተኛ ሰው ሥራ ለሚጫወቱት ውሃ ማመላለስ ነው።

በመጀመሪያው የዕረፍት ሰዓት ጆይ ያንን ነጭ ጫማውን አድርጎ ውሃ ይዞ ወደ ሜዳ ገባ። መጀመሪያ የሰጠው ለአምበሉ ነው። ምን እንደተባባሉ ከተቀመጥንበት አልሰማንም። ኋላ ስጠይቀው ጆይ እንዲህ አለኝ፦ አቻያን «መሬቱ እርጥብ ነው፤ ለሚያሾር ይሻላል» አሉት። እሱም «እሺ» አለ። ሌላ ቃል አልነበረም።

ላዘር በዚያ ጨዋታ፣ ባላጋራዎቻችን በሁለት ዙር ካጧቸው ሃያ መቺዎች አሥራ አንዱን አስወጣ። አሸነፍን። እንግዶቹ መራጮች የላዘርን ስም መዝግበው ሄዱ። አቻያን በእኛ አውቶቡስ አብረውን ተመለሱ። እናታችን ያልተበላውን የጆይን ምግብ ጭናቸው ላይ እንደያዙ አቻያንን «አሸነፍክ ልጄ። ወንድምህስ?» አሏቸው። አቻያን በመስኮት ውጭ ውጭውን አዩ።

ጆይ በዚያው ዓመት ክሪኬትን ተወ። በጎማ አምራቾች ማኅበር የሚዛን ሠራተኛ ሆኖ ራኒ ገባ፤ እዚያው አገባ፤ እዚያው ኖረ። ሰዎች ወንድማማቾቹ ተኳረፉ ይሉ ነበር፤ አልተኳረፉም። በገናና በፋሲካ አንድ ማዕድ እንቀርባለን፤ የልጆቹን፣ የዝናቡን፣ የላሟን ነገር ያወራሉ። ክሪኬት ግን አይነሣም። ሬዲዮው ስለ ጨዋታ ማውራት ሲጀምር ጆይ ላሟን ልይ ብሎ ይወጣል፤ አቻያን ተነሥተው ሬዲዮውን ይዘጋሉ። አርባ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ። ቢጣሉ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሰው ይታረቃል።

አቻያን ግን በዚያች ቀን ስማቸው ገነነ። «ለቡድኑ ሲል ወንድሙን የሰረዘ» ተባሉ። በየትምህርት ቤቱ እየተጋበዙ ንግግር እንዲያደርጉ ይለመኑ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ አሞኛል ይሉ ነበር። በ1972 መጫወት ሲያቆሙ «ለማያዳላው አምበል» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ክብ የእንጨት ሰሌዳ ተሰጣቸው። ቤት ሲገቡ በቀጥታ ወጥ ቤት ሄደው የሩዝ ገንቦውን ከደኑበት። ወይዘሮ ሶሳማ «ሰው ያከበረህን ሩዝ ላይ ትከድነዋለህ?» ቢሏቸው «ልኩ ነው፤ አይጥ አያስገባም» አሉ። ሰሌዳው ዛሬም እዚያው ገንቦ ላይ ነው።

ከ1978 እስከ 1992 ድረስ የክልሉ ቡድን መራጭ ሆነው አገለገሉ። ከዚህ ዘመን አንዱን ብቻ ልናገር። በ1984 አዲስ አምበል ሲመረጥ ብልጫ ያለው ልጅ የአንዱ መራጭ የእህት ልጅ ሆነ። አጎትየው እንደ ደንቡ ከስብሰባው ወጡ። የቀሩት «ልጁስ ይገባው ነበር፤ ግን ሰው ምን ይላል? ለከርሞ ይቆየው» አሉ። ሁሉም አቻያን ከማንም በፊት በዚህ ይስማማሉ ብለው ጠበቁ። አቻያን «ለአጎቱ ብላችሁ አትሹሙት፤ ለአጎቱ ብላችሁም አትጣሉት። ከርሞ የሚባል ነገር ያየ የለም» ብለው ልጁ ካልተሾመ እንደማይፈርሙ ተናገሩ። ልጁ አምበል ሆነ። ብዙዎች «ሰውዬው ምን ነካቸው?» አሉ። የነካቸውን እኔም ያኔ አላወቅኩም።

ያወቅኩት በሴፕቴምበር 2015 ነው። ጉሮሯቸው ውስጥ እባጭ ተገኝቶ ሐኪሞች የድምፅ ሣጥናቸውን ሊያወጡ ቀጠሮ በያዙበት ሳምንት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ «ሳራማ፣ ስሞት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ማን ቀድሞ እንደሚሞት በምን አወቅህ?» አልኳቸው። አልሳቁም። «ማያዳላ ብለሽ እንዳትጽፊ። መሬቱ እርጥብ አልነበረም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን፣ በገዛ ፈቃዳቸው ዛሬ እንዲነበብ ያዘዙኝን፣ እነሆ አነባለሁ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ሜዳው መሐል ሲሄዱ ከአጥሩ ጀርባ አንድ ሰው «ዛሬም ወንድምየው አለበት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰሙ። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያው ጠየቀ። አቻያን ቆሙ፤ ብዕር አወጡ፤ ሰረዙ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ደረቅ ነበር። ጆይ ከላዘር ይበልጥ ነበር። ላዘር ቀንቶት ነው እንጂ እንዲያ ይወረውራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። «የሰው አፍ ፈርቼ ነው» አሉኝ። «ብሸነፍ ኖሮ ቶሎ እናገር ነበር። ስላሸነፍኩ ሰው አመሰገነኝ፤ ምስጋናው አፌን ዘጋው።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ንገረው እንጂ» አልኳቸው።

«እሑድ ይመጣል። እነግረዋለሁ» አሉ።

እሑድ ጆይ መጣ። ስለ ዝናብ አወሩ፤ ስለ ላሟ አወሩ። ማክሰኞ ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ድምፃቸውም ከዚያ በኋላ አልነበረም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ያን እሑድ አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም ያልኩት እኔም ነኝ።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ጆይ ከራኒ በየቀኑ በአውቶቡስ ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። አቻያን መዋጥ ስለተሳናቸው ውሃ በማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ ነበር የሚሰጣቸው። ነርሷ ስትሰጣቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ከጆይ እጅ ብቻ ይቀበላሉ። ሜይ 29 ቀን በእጃቸው ምልክት ወረቀት ጠየቁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጽፉ ቆዩና ለጆይ ዘረጉለት።

የታላሴሪው ቀን የተጫዋቾች ዝርዝር ነበር። ዘጠነኛው ስም ጆይ ነው። ሦስተኛው፣ የራሳቸው ቦታ ላይ፣ ላዘር ተጽፏል። ከታች፣ ከመስመሩ ውጭ፣ አሥራ ሁለተኛ፦ ኩሩቪላ።

ጆይ መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ አነበበው። «ላዘርን ሦስተኛ? ላዘር እኮ መምቻ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም» አለ። ቀጥሎም «አምበል የለውም ይህ ቡድን። ማነው አምበሉ?» አለ። አቻያን ጣታቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ።

ጆይ ወረቀቱን ወደ ታች አደረገና «አቻያን፣ ተወው። መሬቱ እርጥብ ነበር» አላቸው።

አቻያን ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ያ የታመመ አንገታቸው እስኪደክም ድረስ፣ አይደለም፣ አይደለም እያሉ ነቀነቁ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ ፈሰሰ።

ጆይ «እሺ» አለ። ልክ እንደ ያኔው። ከዚያ ማንኪያውን አነሣና «ለማንኛውም አንተ አሥራ ሁለተኛ አትሆንም፤ ውሃ ማመላለስ አትችልበትም፤ ታፈሰዋለህ። ክፈት አፍህን» አላቸው።

አቶ ኩሩቪላ ቻኮ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ጁን 11 ቀን 2016 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የባለቤታቸውን የወይዘሮ ሶሳማን፣ የሼርሊንና የቢኖይን፣ የአምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ የእኔንና የጆይን ልብ ሰብረው ሄደዋል። እናታችን ወይዘሮ አሌያማ በ1987 ቀድመዋቸዋል፤ «ወንድምህስ?» ብለው ሲጠይቋቸው አሁን የሚመልሱት አላቸው።

ከአስከሬናቸው ጋር ምንም እንዳይቀበር አዝዘዋል። ወረቀቱ በጆይ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቆያል። ልጆቻችሁን የምትመርጡ፣ የምታሠለጥኑ፣ ስም የምትጽፉ ሁሉ ይህን ሰምታችሁ ሂዱ ብለውኛል፤ አደራቸውን አድርሻለሁ።

የነፍሳት ሁሉ ጌታ፣ ማንንም ፈርቶ ስም የማይሰርዝ አምላክ፣ የወንድማችንን የኩሩቪላን ስም በሕይወት መጽሐፍ ከጻፈበት አይፋቅብን። የተጠማች ነፍሳቸውን ውሃ ያጠጣልን። አሜን።