ዝናብ ከጣለ እመጣለሁ

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ልጄ ሮንዳ ረፋዱ ላይ መጣች። ቦት ጫማዋን በረንዳው ላይ አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ የእናቷን ሽርጥ አጠለቀችና ሊጥ ማቡካት ጀመረች። ሰላምታ እንኳ ከሊጡ በኋላ ነው። እናቷ፣ ባለቤቴ አርሊን ከሞተች ጀምሮ አንድም እሑድ ቀርታ አታውቅም። ሁልጊዜ ያው ነው፤ የአሳማ ጥብስ፣ የኮመጠጠ ጎመን፣ ክኔድሊክ።

ክኔድሊክ እንደ ክንድ ረዝሞ የሚቀቀል ሊጥ ነው፤ ሲወጣ ቢላ አይነካውም፣ ከነካው ይጨፈለቃል። በስፌት ክር ነው የሚቆረጠው። አርሊን በነበረችበት ጊዜ እሷ ክሩን ከአንድ ወገን ትይዛለች፣ ሮንዳ ከወዲህ ትስባለች። አሁን ልጄ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ብቻዋን ትቆርጣለች።

"ልያዝልሽ?"

"እጅህ ወፍራም ነው አባዬ። ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ።

ዛሬ ልነግራት ነበር። ጎመኑ ሲቀርብ እነግራታለሁ ብዬ… ስለ በቆሎ አወራን። ገና አልደረቀም አለች፣ ሌላ ሳምንት ይፈልጋል አለች። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እህል ጎተራ ውስጥ የሠራሁ ሰው ስለ እርጥበት ስጠየቅ ዝም ማለት አልችልም። ሰሃን አጥባ ሄደች።

ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ልጁን ይፈራል?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ከማርሴላ ጋር ተማከርን። ማለት እሷ አማከረችኝ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት፤ ዛሬም ባቡር ካለፈበት ብዙ ዘመን የሆነው ሐዲድ ላይ ስትደርስ እንደ አውቶቡስ ሕጉ መኪናዋን አቁማ በሩን ከፍታ ታዳምጣለች። ጋብቻም እንዲሁ ነው ለእሷ። በሥርዓቱ።

"እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጓሮ የምወጣ ሴት አይደለሁም፣ ኤልደን። ወረቀቱን እናውጣ፣ ቄሱ ፊት እንቁም።"

ወረቀቱ ማለት የጋብቻ ፈቃድ ነው፣ ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት። ሁለታችንም በአካል መሄድ አለብን። ችግሩ ወረቀቱ አይደለም። ችግሩ የዱዌይን ጋዜጣ ነው… በየሐሙሱ ፈቃድ ያወጣውን ሰው ሁሉ ስም ያትማል። ካውንቲው ውስጥ ያን ገጽ የማያነብ የለም። ሮንዳ ከጋዜጣ ካነበበችው አለቀልኝ።

እኔ ግን መላ አገኘሁ። ዱዌይን ገጹን የሚዘጋው ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው። እኛ ማክሰኞ ከሰዓት ብንሄድ ስማችን ለዚያ ሳምንት አይደርስም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው የሚወጣው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ደግሞ አንድ እሑድ አለ።

"ለምን ዛሬ ደውለህ አትነግራትም?" አለች ማርሴላ።

ይሄ በስልክ ይነገራል እንዴ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

አልነገርኳትም። አፌን ከፈትኩ… "ጨው አቀብይኝ" አልኩ። ጨው ፊቴ ነበር።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

የኮሎምበስ ቀን። ፖስታ የለም፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ሱሪዬን ተኮስኩ። ነገ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ማርሴላ ስትመጣ ኩሽና ውስጥ ፊቴ ገርጥቶ ተቀምጬ አገኘችኝ።

"ምን ሆነሃል?"

"ለደም ምርመራው ነዋ።"

"የምን ደም?"

ከአርሊን ጋር ስንጋባ እኮ ደም ሰጥተናል! ሐኪም ቤት ሄደን፣ ክንዳችንን አስወግተን፣ ወረቀቱን ይዘን ነው ፈቃድ ያገኘነው። ያ ሕግ ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው ብላ ማርሴላ የሳቀችው ሳቅ… መንገዱን ሁሉ ሐዲዱ ጋ እስክንደርስ አላቆመችም። እዚያ ዝም አለች፣ አዳመጠች፣ ተሻገርን፣ እንደገና ሳቀች።

ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ጆይስ ናት። ከሮንዳ ጋር አንድ ክፍል የተማረች።

"ጋሼ ኤልደን! የመሬት ግብር ነው?"

"ጋብቻ ነው" አለች ማርሴላ ከኋላዬ፣ ፈርጠም ብላ።

ጆይስ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። ከዚያ ፊቷ ሁሉ ፈገግታ ሆነ። መንጃ ፈቃድ አሳየን። የአባት ስም፣ የእናት ስም ከነልጅነት ስሟ፣ የተወለዱበት አገር። የእናቴ የትውልድ መንደር ስም በቼክ ቋንቋ ነው የሚጻፈው፣ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሰረዘችው።

"ያለፈው ጋብቻ ያበቃበት ቀን?"

ያበቃበት። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንደሞተች አውቃለሁ። ቀብሬአታለሁ። ግን አበቃ ብዬ አስቤ አላውቅም… ማርሴላ አልነካችኝም፣ አላቻኮለችኝም። መስኮቱ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ ታይ ነበር። እሷም ከእኔ በፊት ስለ ሟች ባሏ ይህንኑ ጥያቄ መልሳለች።

"ማርች ሦስት" አልኩ። "ካቻምና።"

ጆይስ ቀና ሳትል ጻፈች። ቀብሩ ላይ ነበረች እሷም።

እጃችንን አንስተን እውነት ነው ብለን ማልን፣ ፈረምን። ፈቃዱ ዓመት ያገለግላል። ቄሱ ካጋቡን በኋላ ሁለት ምስክር ይፈርምበታል፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ጆይስ ይመለሳል። ይኸው ነው። መኪና ከመሸጥ ይቀላል!

"ሮንዳ ደስ ሊላት ነው" አለች ጆይስ ፖስታውን ስትሰጠኝ።

"እ… አዎ" አልኩ። ማርሴላ አየችኝ።

ከዚያ ሁለት ሃምበርገር በላሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ዛሬን መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ጎተራው ጋ ሄጄ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በመኸር ወቅት ሄጄ ካልተቀመጥኩ እታመማለሁ። ዱዌይን የበቆሎውን ክምር ፎቶ ሊያነሳ መጣ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ኮፍያውን አነሳ።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ሙሽራው!"

"ማን ነገረህ?"

"ጆይስ ናት የምትልክልኝ፣ እንደ ወትሮው። ነገ ይወጣል።"

"ነገ? ማክሰኞ ቀትር አይደል የምትዘጋው?"

"ሰኞ በዓል ነበራ! በዓል ሲኖር በአንድ ቀን እገፋዋለሁ።"

ስማችንን ሰርዝልኝ አልኩት። ታትሞ ተጭኗል አለ። እኔ ሞኙ… ሱሪ ስተኩስ የዋልኩበት በዓል ጉድ አደረገኝ!

መኪናዬን አስነስቼ ወደ ማሳው። ያ መሬት የአርሊን አባት ርስት ነበር፣ አሁን ሮንዳ ታርሰዋለች፣ ብቻዋን፣ ባልም ልጅም ሳይኖራት። ማጨጃ ኮምባይነሩ ከአቧራው ውስጥ ሲመጣ እጄን አውለበለብኩ። ፍጥነቷን ቀነሰች እንጂ አላቆመችም። ተንጠላጥዬ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ፣ ከጎኗ ያለችው ትንሽ ወንበር ላይ።

"አባዬ ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ላገባ ነው።"

እንዲህ ነው የወጣው! ስንት እሑድ ስለማመደው የከረምኩት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም።

እስከ ማሳው ጫፍ ድረስ ሄደች። ዞረች። መመለሻው አጋማሽ ላይ፦

"ማንን?"

"ማርሴላን።"

"የአውቶቡሷን ማርሴላ? ማስቲካ አኘክሽ ብላ ዓመት ሙሉ ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጠችኝን?"

"ዓመት ሙሉ እንኳን አይመስለኝም…"

"ዓመት ሙሉ ነው።" በቆሎውን እንጂ እኔን አታይም። "መቼ ነው?"

"የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ፣ ሃያ አምስት።"

"በመኸር መሃል? አንተ? ሰው በመኸር ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ የምትሳደበው አንተ?"

ቄሱ ሌላ ባዶ ቅዳሜ የላቸውም አልኳት። እውነት ነው። ምስክር እንድትሆኚኝ እፈልጋለሁ አልኳት። እሱም እውነት ነው፤ ይኸው ለዚህ ነው ስፈራ የከረምኩት። ሌላ ሰው ቢፈርም ሕጉ ግድ የለውም። እኔ ግን ከእሷ ጀርባ ያገባሁ ሆኜ መኖር አልችልም።

"እህሉ ደርቆ ቆሞ ሰርግ አልሄድም" አለች። "ዝናብ ከጣለ እመጣለሁ።"

ከዚያ ሌላ ዙር። የእህሉ ማጠራቀሚያ መሙላቱን የሚያሳየው መብራት ብልጭ አለ።

"እሑድስ?" አለች።

"እሑድ ምን?"

"እሑድ የት ልሂድ፣ አባዬ?"

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ስትጠይቀኝ ግን ስድስት ዓመቷ ነበር። "ሞልቷል፣ ውረድ" አለችኝ። ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ወጣ። በፍጥነት በመንዳት በተቀጡና መሬት በሸጡ ሰዎች መካከል። ስሜን ቢያንስ በትክክል ጽፎታል።

የእሑዱን ነገር ለማርሴላ ነገርኳት። ትቀየማለች ብዬ ነበር። ሻይዋን አስቀመጠች።

"እሑድ የእሷ ነው" አለች። "ያ ምድጃም በእሑድ የእሷ ነው። እኔ ከቅዳሴ ወጥቼ እህቴ ጋ እበላለሁ። ከጠራችኝ ደግሞ እመጣለሁ።"

"በገዛ ቤትሽ?"

"ኤልደን፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ልጆች ነው ያመላለስኩት። ማን መቼ ወርዶ መቼ እንደሚሳፈር አውቃለሁ።"

ይህቺን ሴት ማግባቴ ደስ ብሎኛል። ወረቀት ላይ ልጻፈው፣ ደስ ብሎኛል!

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ሮንዳ አልመጣችም። "እያጨድኩ ነው" የሚል መልእክት ላከች። ማርሴላ ደግሞ እሑድ የእሷ ነው ብላ ቃሏን ጠብቃ አልመጣችም። ሁለት ሴቶች አሉኝ፣ ዳቦ በአይብ ብቻዬን በላሁ።

ክሩ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

የአየር ትንበያ ሰማሁ። ደረቅ። የተረጋጋ። ለአጨዳ ተስማሚ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ዕድሜዬን ሙሉ የኦክቶበርን ዝናብ ስረግም ኖሬ ዛሬ በረንዳ ላይ ቆሜ ዝናብ ለመንኩ። ጎረቤት ቢሰማኝ በድንጋይ ይወግረኛል። ደግሞ ሮንዳ ራሷ ገና ያልታጨደ ማሳ አላት… በልጁ እህል ላይ ዝናብ የሚለምን ምን ዓይነት አባት ነው?

በስተ ምዕራብ ትንሽ ደመና አለች። ትንሽ ናት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ደመናዋ የለችም። ሰማዩ ወለል ብሎ፣ ነፋስ የለ፣ እርጥበት የለ። ለአጨዳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም። ከረባቴን ሳስር አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ማርሴላ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ቆንጆ ናት። እንዲህ ብዬ ነገርኳትና "ታዲያ ፊትህን ፍታ" አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማርሴላ እህት አንደኛዋ ምስክር። ሁለተኛው የለም። ቄሱ ሰዓታቸውን አዩ፣ ኦርጋን የምትመታዋ ሴትዮ ብትፈርም ምንም አይደለም አሉ። ምንም አይደለም አልኩ እኔም። ማርሴላ ግን "ትንሽ እንቆይ አባ" አለች። በሩ ክፍት ነበር። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ… ሐዲዱ ላይ እንደምታዳምጠው።

እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷ ሰማች።

"መጣች" አለች።

ከዚያ ነው የጭነት መኪናዋ ድምፅ የመጣልኝ። ሮንዳ በሥራ ልብሷ ገባች፤ ፀጉሯ ላይ የበቆሎ ገለባ፣ ፊቷ አቧራ፣ ዓይኗ ብቻ ነው ንጹህ። መተላለፊያውን በቦት ጫማ አቋርጣ አጠገቤ ቆመች።

"ዝናብ አልጣለም እኮ" አልኳት። ሌላ የሚባል ጠፍቶ!

"አይቻለሁ" አለች።

"ኮምባይነሩስ?"

"አቁሜዋለሁ።"

ልጄ በእንዲህ ያለ ቀን ኮምባይነር አቆመች። እናቷ ስትታመም እንኳ ጎረቤት ነው ተተክቶ የነዳላት፣ ሞተሩ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ቄሱ ያሉትን ግማሹን አልሰማሁም። አዎ ማለት ያለብኝ ቦታ ላይ አዎ ብያለሁ።

ስትፈርም አውራ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ጥቁር አሻራ ተወ። ቄሱ መሐረብ አወጡ ሊጠርጉት።

"ይተዉት አባ" አለች ማርሴላ። "ጆይስ ምንም አትልም።"

ሮንዳ ማርሴላን አየቻት። "እንኳን ደስ አለዎት" አለች፣ አጠር አድርጋ። ከድግሱ ጠረጴዛ ላይ ማርማላታ የተሞሉ ሦስት የኮላች ዳቦዎች አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ማሳዋ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ውጭ ቆሜ አቧራዋ በሩቅ ሲነሳ አየሁት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ከቅዳሴ ተመልሰን ማርሴላ ካፖርቷን አላወለቀችም። "እህቴ ጋ ነኝ" አለች። ቅር እያለኝ በሩን ስከፍትላት ሮንዳ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ቦት ጫማዋን ታወልቃለች።

"ወዴት ነው?"

"ልውጣላችሁ ብዬ… እህቴ ጋ።"

ሮንዳ ቀና አለች። ማርሴላን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ መጨረሻ ላይ ዓይኗ እጆቿ ላይ አረፈ።

"እጅዎ ቀጭን ነው" አለች። "ይግቡ። ክሩን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

ማርሴላ ካፖርቷን አወለቀች። የመጀመሪያው ቁራጭ ተጣመመ። "ቀስ… ወደ እርስዎ አይሳቡ፣ ዝም ብለው ይያዙ" አለች ሮንዳ። "አንድ ዓመት ፊት ወንበር ላይ ነው ያስቀመጡኝ፣ አይረሳኝም።" ማርሴላ፣ "አንድ ወር ነው" አለች፣ "ማስቲካውም ወንበሩ ሥር ተለጥፎ ነበር" አለች። ተጨቃጨቁ። ሳቁ። ሁለተኛው ቁራጭ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ልርዳችሁ ብዬ ተነሣሁ።

"ተቀመጥ!" አሉኝ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ተቀመጥኩ።