ካርታው ያልሰማው መርዶ

ሚስራዬ፣

ቦንጋ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ሦስት አፕ ሞክረሽ በመጨረሻ ታብሌቴ ላይ የጫንሽልኝ ካርታ ያለ ኔትወርክ ሠርቷል። ትናንት በማንኪራ ጫካ ውስጥ አንድም ቦታ ሳያሳስተኝ፣ አምና ምልክት ያደረግኩበት የጋሽ ኃይለመስቀል ደጅ አደረሰኝ። አምና ያሳደሩኝ ማር ቆራጩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነግሬሽ ነበር። ያዘዙኝን የማንበቢያ መነጽር ይዤ፣ ታብሌቱን ከፍ አድርጌ እያሳየሁ፣ እየሳቅኩ ገባሁ።

ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ ጥቁር ለብሰው ወጡ። ገና ሲያዩኝ ደረታቸውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ። «ልጄ፣ ማን ነግሮሽ መጣሽ?» አሉኝ። ጋሽዬ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። እኛ ሰፈር ቢሆን እግሬ ሳይደርስ ስልኩ ያረዳኝ ነበር። እዚህ ግን ካርታው ላይ «የጋሽ ኃይለመስቀል ቤት» እንዳለ ነው።

አላውቅም ነበር ማለት አቃተኝ፣ ሚስራ። «ሰው ነገረኝ» ብዬ አብሬያቸው አለቀስኩ። መነጽሩን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

ካርዱ ሊያልቅብኝ ነው። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ጎረቤታችንን አሚናትንም ሰላም በይልኝ። እትዬ በዛወርቅ ሲሸኙኝ «ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ለቅሶዬ እንድትደርሺ የነገረሽን ሰው፣ ዕድሜ ይስጠው» ብለው መረቁ። የነገረኝ ሰው የለም። ያደረሰኝ ያንቺ ካርታ ነውና ምርቃቱን አንቺ ተቀበይኝ፤ እኔ መሸከም አልቻልኩም።

ትሁት