ሮቦቱ «መንገድ የለም» አለ

ቴቤክ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2023

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የደሴቱ ንፋስ ለጉልበትዎ አልተስማማም ብላ አክስቴ ነግራኛለች። ስልክ ስለማያነሱ በወረቀት ልነዘንዝዎት ነው፤ ይታገሡኝ።

ይሠሩበት የነበረውን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ መንገዶች ያሳዩኝ ብዬ ስለምንዎት «ማሽን እዚያ ገብቶ ምን ሊፈይድ!» ብለው ሻንጣዎን አንስተው ወደ አክስቴ ደሴት ሄዱ። እኔም እልህ ያዘኝና ከባልደረቦቼ ጋር የሠራሁትን ባለአራት እግር ሮቦት ያለ እርስዎ አስገባሁት።

አሳሬን አበላኝ። ጉድጓዱ ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ ካላሰላሁ ብሎ አርባ ደቂቃ በሩ ላይ ተገተረ። ያውም የከተማው ሹማምንት እያዩ! የድሮ የጉድጓድ ባልደረባዎ ጋሽ ፕዮም «ይሄ ውሻሽ ጸሎት ላይ ነው እንዴ?» ብለው አሳቁብኝ። በካርታ ብቻ ሂድ ስንለው ደግሞ እግር ማሳረፊያ የሌለበት ገብቶ ተገለበጠ። በመጨረሻ ሁለቱን አጣመርን። ሩቁን መንገድ በግርድፉ ያስባል፤ እርምጃውን የሚመርጠው ፊቱ ላለው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። መርገጫ ካጣ ያን መንገድ ሰርዞ ሌላ ይፈልጋል።

ተራመደ፣ አባባ! ቁልቁለቱን ወረደ፣ ውሃውን ተሻገረ። መድረሻውን እርስዎ የነፍስ አድን ቡድኑን እየመሩ ልትደርሱበት ያልቻላችሁት ቦታ አደረግሁት፤ ባልደረባዎ ጋሽ ዶክሱ ናዳ ተጭኗቸው የቀሩበትን። አሥራ አንድ መንገድ ሞክሮ «መንገድ የለም» ብሎ ቆመ።

በገንኩ። ስህተቱ የእኛ ነው ብዬ ፕሮግራሙን ሦስት ቀን መስመር በመስመር በረበርኩት። ምንም የለም። ቢቸግረኝ የናዳውን ምስል ለጋሽ ፕዮ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት።

«ይሄ ሁሉ የዚያን ቀን ናዳ ነው» አሉ። «የጣሪያውን ድጋፍ እንጨት ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

«ሌላ መግቢያስ አልነበረም?»

«አንቺ ልጅ፣ ማሽንሽ አልነገረሽም እንዴ?»

አባባ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ቀን በደረሰ ቁጥር ማዕዱን ጥለው ይወጡ ነበር። እናቴም እኔም አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነው ነው አላልንም። ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትሜ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሮቦቱ የሞከራቸው መንገዶች በቀይ ተሰምረዋል። እባክዎ መነጽርዎን ያድርጉና አሥራ አንዱንም ናዳው እስከ ዘጋው ጫፋቸው ድረስ በጣትዎ ይከተሏቸው።

ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ እንቅልፍዎንም ይባርክልዎት።

ልጅዎ ዳንቢ