የሞጣ ቅቤ ለኢሎና

ቡዳፔስት፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፰

ዘይዳ እህቴ፣ እንዴት ነሽልኝ?

እዚህ የሆድ ስብ በቀጭን ቱቦ መጥጠው ያወጣሉ ብልሽ ታምኚኛለሽ? አከራዬ ኢሎና አስወጥታ መጣች። «ይበልዛል፣ ያብጣል፤ ድኖ እስኪያምር ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያው ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው» ብለዋታል። እኔም ሆዷን ሳስርላት ቁርጥ የቢቸና አራስ መሰለችኝና በላክሽልኝ ቅቤ ገንፎ አገንፍቼ አቀረብኩላት!

«ትናንት ያስወጣሁትን ዛሬ ልትመልሽብኝ ነው?» ብላ እያመማት ሳቀች። ከዚያ ጥርግ አድርጋ በላችው።

«ሐኪሙ ከመግባቴ በፊት የማልበላውን፣ ከወጣሁ በኋላ የማላነሳውን ሸክም ነገረኝ። ‹ብዪ› ያለኝ ሰው ግን አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ።

ቅቤው ያንቺ መሆኑን ነገርኳት፤ ስምሽን እየደጋገመች ተኛች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእማማ ኸይራትን ጉልበት ሳሚልኝ። አደራሽን፣ ከእንግዲህ ቅቤ ስትልኪ ለሁለት ሰው አድርጊው።

ጥሩአየሁ