ጠ ሲባል የዘለሉት ጥርሶች

እትዬ ሆይ፣ ይህች ወረቀት ከትንሿ ሣጥን ጋር እጅሽ ስትገባ በደህና ታግኝሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ከንፈርሽ ላይ የነበረው ስፌት ጠባሳ ሳይተው ዳነ? እማማስ እንዴት ናት፣ ወገቤን የምትለው ነገር ተሻላት ወይስ ዛሬም ሥራ ሲመጣ ብቻ ነው የሚነሣባት? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ልጅሽስ፣ ሁላችሁስ? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔ ምን እሆናለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። አለሁ ስልሽ ግን ጠዋት ካልሲዬን ለማጥለቅ አልጋው ጫፍ ላይ ሩብ ሰዓት የምቀመጥ ሰው ሆኛለሁ። ደክሞኛል እትዬ። ለሌላ ሰው አልናገረውም፤ ላንቺ ግን ምን እደብቃለሁ።

በዚህ በሰው አገር የምሠራበት ጥርስ ቤት እንደምታውቂው ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ጫማ ሲያልፍ አያለሁ፤ ፊቱን ሳላውቅ በጫማው የለየሁት ሰው ሞልቷል። አምስት ሆነን አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። አንዱ ጀሶ ይበጠብጣል፣ አንዱ ሰም ያቀልጣል፣ እኔ ደግሞ ሞተሩ ላይ ተጎንብሼ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ እውላለሁ። አቧራው አፌን የሸፈንኩበትን ጨርቅ አልፎ ስለሚገባ ምሳዬ ሁሉ ጥርስ ጥርስ ይላል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆኜ ጀርባዬ ጎብጧል፣ ዓይኔም ደክሟል። ይሁን፣ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ስሸሸው ነው የቆየሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ነሐሴ ላይ በዝናቡ የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ደረጃ አዳልጦሽ አራቱ የላይ የፊት ጥርሶችሽ ሲሰበሩ፣ እዚያው የሚሠራልሽ ባለሙያ ሞልቶ ነበር። አንቺ ግን ወንድሜ እያለልኝ የማንን ጥርስ ነው የማደርገው ብለሽ፣ ለመምህራኑ ሁሉ አውርተሽ፣ ሐኪሙ በጀሶ ያወጣውን የአፍሽን ቅርጽ በጥጥ ጠቅልለሽ ላክሽልኝ። ያን ጀሶ እጄ ላይ ሳደርገው እንባዬ መጣ። በየምሳ ሰዓቱ ሠራሁት፤ አምሮም ወጣ። አለቃዬ፣ ያ ምስጋና የማያውቅ ሰውዬ እንኳ፣ አገላብጦ አይቶ ይበል አለ።

ከዚያ የሆነውን ጋሼ ናቸው የነገሩኝ፤ አንቺማ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላልሽም። ጥርሱን ባደረግሽ በሦስተኛው ቀን፣ አንደኛ ክፍል ፊት ቆመሽ፣ ልጆቹ ተከትለውሽ እንዲሉ ጮክ ብለሽ «ጠረጴዛ» ስትዪ ጥርሱ ዘሎ የስም መጥሪያው ደብተር ላይ ወደቀ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዲት የፊት ወንበር ልጅ ብቻ ሳትስቅ አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችሽ አሉ። አንቺም ተቀብለሽ፣ በመሐረብሽ ጠቅልለሽ ወጣሽ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል አልገባሽም። ርእሰ መምህሩም ሁለተኛው መንፈቅ ሲከፈት ማስተማር ካልቻልሽ መጻሕፍት ማከማቻው ውስጥ እንደሚያስቀምጥሽ ቁርጡን ነግሮሻል። ሃያ ስድስት ዓመት የስንቱን ልጅ አፍ ያስፈታች ሰው ቁልፍ ይዛ መደርደሪያ ልትጠብቅ! ይህን የሰማሁ ቀን የሰው ጥርስ ከልኩ በላይ ሞርጄ አበላሸሁ።

«ጠረጴዛ» የሚለውን ቃል በሆዴ ይዤ ሰነበትኩ። እዚህ ደንበኛው ጥርሱን ከመረከቡ በፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ቃላት ያነባል፤ እኛ ቆመን እናዳምጣለን። መ እና በ የከንፈር ናቸው፤ ከንፈሮቹ ሳይጨናነቁ ካልገጠሙ ጥርሱ ረዝሟል ማለት ነው። ፈ ሲል የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ይነካል፤ በዚያም ቁመቱን እናያለን። ተ እና ደ ሲል የምላሱ ጫፍ ከላይ ጥርስ ጀርባ ይለጠፋል፤ ጥርሱ ወደ ውስጥ ከገባ ተ ደ መስላ ትወጣለች። ሰ ደግሞ ትንፋሽ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ትፈልጋለች፤ ከጠበበባት ታፏጫለች፣ ከሰፋላት ሸ ትመስላለች። አንቺ እዚህ ስለሌለሽ አለቃዬ በለመድነው ልክ ሥራው አለኝ፤ እኔም እንዳለኝ አደረግሁ።

ያ ልክ ግን የወጣው ለዚህ አገር ሰው አፍ ነው። በቋንቋቸው ጠ የለም፣ ጨ የለም፣ ጸም ጰም የለም። ብዬ ሳሰማቸው ይስቃሉ። አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ጠ ያለ አንድ ሰው የለም፤ እኔም አላሰብኩትም። በሌላ ሰው አፍ ልክ ያንቺን አፍ ሰፋሁት። የማፍረው በዚህ ነው።

እስኪ አሁን ጣትሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርገሽ ተ በይ፤ ቀጥለሽ ጠ በይ። ምላስሽ የሚያርፈው እዚያው አንድ ቦታ ነው። በጠ ጊዜ ግን ጉሮሮሽ ይዘጋል፤ ትንፋሽ ከጉሮሮና ከምላስ መካከል ይታፈናል፤ ምላስ ሲለቀው ቡሽ እንደተነቀለ ጠርሙስ ጧ ይላል። ማን ነገረህ ብትዪኝ ማንም። ጠረጴዛዬ ላይ ጣቴን ጉሮሮዬ ላይ ተክዬ ጠ፣ ተ፣ ጠ፣ ተ ስል ባልደረቦቼ አበደ አሉ፤ አንዱማ አዝኖልኝ ውሃ አመጣ። የሠራሁልሽ ጥርስ ያን ግፊት የሚችል አልነበረም። ከጀርባው ስለወፈረ ምላስሽ ማረፊያ አጥቶ ገፋው፤ ከቀሩት ጥርሶችሽ ጋር የያዘውም ሽቦ ሁለት ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ግምት ነው፤ የራሴ ጥርስ በአፌ ሞልቶ በምን ልፈትነው? ከመንገዱ ማዶ ቋንቋችንን የሚናገሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ሰው ሁሉ «አባ ልኬት» ይላቸዋል። የላይ ጥርሳቸው በሙሉ የኛ ቤት ሥራ ነው። ሄጄ፣ አባቴ፣ ጠ ሲሉ ጥርስዎ ይነቃነቃል ወይ ብላቸው መቀሱን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጨርቅ» ብዬ አላውቅም አሉኝ። ልብስ ሰፊ እኮ ናቸው፣ ወይ ጉድ! ደንበኛ ፊት እንዳያፍሩ «ይኸኛው»፣ «ያኛው» እያሉ ነው የሚሸጡት። ቃሉ አፋቸው ላይ ሲደርስ ውጠው ሌላ ይፈልጋሉ፤ ማንም ነቅቶባቸው አያውቅም።

እዚያው ሱቃቸው ውስጥ እንደቆምኩ፣ የነዚህን ወራት ስልካችንን አስታወስኩ። ጠዋት ማለት ትተሽ ማለዳ ትያለሽ። ጥሩ ነው በማለት ፈንታ ደህና ነው ትያለሽ። እኔንም ከጥቅምት ወዲህ አንድም ቀን ጩጬ ብለሽ አልጠራሽኝም። ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ ጩጬ የነበርኩ ሰው፣ ድንገት «ወንድሜ» ስትዪኝ እንዴት እንደቀዘቀዘኝ አልነግርሽም። ቀይማኛለች ብዬ ደመደምኩ። ቢሆንም እውነት አላት፣ በልጆች ፊት አዋርጄአታለሁ እያልኩ ስንት ቀን ሆድ ባሰኝ። ለካ ጥርሱን ፈርተሽ ኖሯል።

በነጋታው የአባ ልኬትን ጥርስ ተቀብዬ ከጀርባው አሳሳሁት፤ ምላስ ማረፊያዋን እንድታውቅ ላንቃው ላይ እንደ ተፈጥሮው ትንንሽ ትልም አወጣሁበት። አድርገው በራቸው ላይ ቆመው «ጨርቅ!» ሲሉ መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ጨርቅ፣ ጥጥ፣ ጠርዝ፣ ጭረት እያሉ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲያሰለቹ ዋሉ። ከልቤ የሳቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ያንቺንም በዚያው ዓይነት ሠራሁት፤ ሽቦውንም አራት አደረግሁት።

አንድ ነገር ላይ ግን ከአለቃዬ ጋር ተጣላን። የመጀመሪያውን ስሠራ ፍንጭትሽን ደፍኜው ነበር፤ እዚህ ሰው ፍንጭቱን ለማስደፈን ነው የሚመጣው። አሁን መልሼ ሳወጣው ይህ ጉድለት ነው፣ ሰ ታፏጭባታለች፣ ከቤቴ እንዲህ ያለ ሥራ አይወጣም ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ምላሷ አርባ ዓመት ከዚያ ክፍተት ጋር ስለኖረ እንዴት እንደሚሸፍነው ያውቃል አልኩት። የቀረውን አልነገርኩትም። እኔ አፌን የፈታሁት በዚያ ፍንጭት ነው። አራት ዓመት ሞልቶኝ ጠን ተ፣ ቀን ከ እያልኩ ሰው ሲሳለቅብኝ፣ አገጬን ይዘሽ አፌን እይ እያልሽ፣ ከከንፈርሽ ፊት ቁራጭ ወረቀት አንጠልጥለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ተ ስትዪ ወረቀቱ ይርገበገባል፤ ጠ ስትዪ ግን ትንፋሹ ስለሚታፈን እምብዛም አይነቃነቅም። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር፤ ይህን ሐኪምም መጽሐፍም አልነገረሽም። ፍንጭቱ የሌለው ጥርስ የሌላ ሴት ጥርስ ነው፣ በቃ።

ጥርሱ ሣጥኑ ውስጥ በእርጥብ ጥጥ ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ አንዲት ቀጭን ወረቀት አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ብዙ አትናገሪ፣ አፍሽ ይልመደው፤ ምራቅ ቢበዛብሽ አትደንግጪ። በማግሥቱ መስተዋት ፊት ቆመሽ ከቀላሉ ጀምሪ። በመጀመሪያ የከንፈሮቹን፣ ቀጥሎ ፈን፣ ከዚያ ተን እና ደን በይ፤ ሰ ቢያፏጭብሽ ሁለት ሦስት ቀን ታገሺው። ከዚያ ወረቀቷን ከከንፈርሽ ፊት ይዘሽ ወደ ጠ ሂጂ፣ እንዳስተማርሽኝ። በሹክሹክታ ሳይሆን ክፍል ውስጥ እንደምትዪው ጮክ ብለሽ ነው። ጋሼም አዝኜልሽ ብለው ቃሉን ከአፍሽ እየነጠቁ እንዳይጨርሱልሽ ንገሪያቸው፤ ምላስ ካልለፋች አትማርም። ቢነቃነቅ የቱ ድምፅ ላይ እንደሆነ ሳታፍሪ ንገሪኝ።

አይዘልም ብዬ አልምልልሽም። የአባ ልኬት አፍ ያንቺ አፍ አይደለም፤ እኔም እንደ ድሮው በእጄ አልተማመንም። ይህም ካልሆነ ሦስተኛ እሠራለሁ፤ ግን እስኪደርስሽ መንፈቁ ይከፈታል፣ አንቺም ማከማቻው ውስጥ ትገቢያለሽ። ያደከመኝ ይህ ነው እንጂ ሞተሩንስ ለምጄዋለሁ።

በይ እንግዲህ፣ የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ሥራ በመጣ ቁጥር ለወገብሽ ምሕረት ያውርድልሽ በያት። ጋሼን እውነቱን ስላልደበቁኝ አመስግኚልኝ። ልጅሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ በእናቷ ጥርስ የሳቀች እንደሆነ ግን አጎትሽ መጥቶ ያንቺን ይነቅላል በያት። ያችን ጥርስሽን በሁለት እጇ የሰጠችሽን ልጅ ደግሞ ክፍል ገብተሽ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ ሰላም በይልኝ።

የደብዳቤ መጨረሻ ላይ ሰው ስሙን ይጽፋል፤ እኔ አልጽፈውም። ጥርሱ የያዘልሽ ቀን ደውዪልኝ። ምስጋናም ሰላምታም አልፈልግም፤ ስልኩን ሳነሣ አንቺ በድሮ ስሜ ጥሪኝ።

ከምድር ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ታኅሣሥ 19 ቀን