አባዬን የሚቀድመው ሰው

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ማታ

እግሬ አብጧል። ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር አራት ሆነን፣ አባዬ መሃል። አንቺ ደብተር፣ ዕቅዴን ታውቂዋለሽ፤ በየቅዳሜው ከጎንደር በጠዋት ወጥቶ ለማታ መመለስ። ዛሬ ትክል ድንጋይ፣ ቀጥሎ ኮሶዬ፣ ቀጥሎ ደባርቅ። በስተመጨረሻ መካነ ብርሃን፣ የተወለደበት፤ እሱ እንኳ ደርሶ መልስ አይደለም፣ እናድራለን። ሐኪሙ የአባዬ ዓይን ገናን አያልፍም ብሏል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳበትን አገር ብርሃኑ ሳለ ይየው ብዬ ነው።

ት/ድንጋይ ሸጋ ነበር። አባዬ ሲወርድ የሚኒባሱን ጎን በመዳፉ ጧ፣ ጧ አደረገው፤ “ሂድ” ማለቱ ነው፣ የድሮ አመል። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ግን ግራ አጋባችኝ። አያ ታከለ ምነው ቶሎ ተመለሱ ትለዋለች! ባለፈው ሳምንት ብቻውን መጥቶ ሻይ ጠጥቷል ባይ ናት። ባለፈው ሳምንት አባዬ ማራኪ ሰፈር፣ እኔ ቤት፣ አልጋው ላይ ነበር። ይልቅ የራሷን ዓይን ትታይ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ኮሶዬ። ብርድ። አባዬ ገደሉ አፋፍ ቆሞ ጉም ነው ወይስ ዓይኔ ነው አለኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጉም ነው አልኩት። ምን ልበለው?

አንድ ገበሬ እየሮጠ መጥቶ የአባዬን ጉልበት ሊስም ደረሰ። ከትናንት ወዲያ አባዬ እዚሁ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ታች ቆላው ውስጥ የጠፋች በቅሎውን በጣቱ አሳይቶታል አሉ። ያለ ምርኩዝ። በቅሎዋም ተገኝታለች።

አባዬ እዚህ ቅርብ አዘዞ ድረስ እንኳ ሊሸኘኝ የማይችል ሰው ነው እኮ! መኪና ውስጥ፣ ከተማ ስንቃረብ፣ ያ ሰው ዓይኔን ይዞብኝ ሄዷል አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳት። ምን አፌን አስከፈተኝ! ውቃቤው ነው፣ ቀድሞት ይሄዳል አለች። የረገጠውን አገር ሁሉ ይሰናበትለታል። ከተገናኙ ግን ሰውየው አይከርምም፣ ልጄ ጠብቂው።

ውቃቤ! የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጠንቋይ ቤት አልውልም። በሩን ግን ሁለቴ ቆለፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ደባርቅ። ባልሄድኩ። የቁርስ ቤቷ ባለቤት፣ አባዬን ቁርጥ የሚመስል ሰው አሁን ጠዋት ፍርፍር በልቶ መ/ብርሃን የሚሄድ መኪና ተሳፈረ አለችን። “ልጄ ከኋላዬ ትመጣለች” ብሏታል።

አባዬ ምርኩዙን ጥሎ ወደ መናኸሪያው ሮጠ። ተደናቅፎ ወደቀ። አስፋልት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እንድረስበት፣ ዓይኔን ላስመልስ ይላል። ጎትቼ ጎንደር አመጣሁት። ፈራሁ። አባት ያለኝ እሱ ነው፣ አብሮኝ የሚኖር ዘመድ እሱ ብቻ ነው። ዕውር ሆኖም ይኑርልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29። ጠዋት

የመ/ብርሃን መንገድ ተዘግቷል ብዬ ዋሸሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሰዓት

አክስቴ፣ የአባዬ እህት፣ ከመ/ብርሃን ደወለች። ወንድሟ እሷ ዘንድ ሰንብቶ በሌሊት ወጥቷል። ምነው አትቆይም ብትለው፣ ልጄ መንገድ ተዘግቶባታል፣ እኔው ልሂድላት አለ አሉ። ለማታ ጎንደር ይገባል፣ ተቀበይው አለችኝ።

መንገድ ተዘጋ ያልኩት ዛሬ ነው። ለአባዬ ብቻ።

የግቢውን በር ቆለፍኩ። አባዬ ከግድግዳው ሳይዞር፣ የተኛ መስሎ ሁሉን ሰምቷል።

11፡30

ተነሥቷል። ታጥቧል። የበዓል ጋቢውን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አልከፍትም አልኩት። ጮህኩበት። ሲመጣ ትሞታለህ አልኩት፣ ቃል በቃል።

ሞትማ የት ይቀራል አለኝ። ተራራውንስ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይዘሽኝ የዞርሽው ለሱ ከሆነ ደከምሽ። ፊትሽ ከጠፋኝ ከርሟል፣ አንዴ አንቺን ልይሽ አለ። አለቀስኩ።

12፡00

ሚኒባስ ቆመ። ጎኑን ሁለቴ መቱት፣ ሄደ። ምርኩዝ የሌለው እርምጃ።

የቆርቆሮው በር ጧ፣ ጧ።

አባዬ አጠገቤ ነው። ግራ እጄን ይዟል፣ መዳፉ ሞቃት ነው። ፈገግ ብሏል።

ጧ፣ ጧ።

ፊቴን ታጥቤያለሁ። ፀጉሬን ከግንባሬ መልሻለሁ። ልከፍት ነው