መዳፍ በምታክል ኮምፒውተር ላይ ስለተጫነው ግዙፍ የመረጃ ቋት

ለክቡር ፓክ ሃርዲያንቶ፣ የአውራጃችን አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ላይ ለተሠራው ቢሮዎም ጤና እንመኛለን። እኛ የሱምበርጃቲ መንደር ሰዎች፣ አሸዋ ቆፋሪውን ፓክ ቱጊራንን ከቀበርን ወዲህ፣ ደህና ነን።

ምስጋናችን በቁጥር ይህ ነው፦

፩. መሐንዲስዎ ራትሪ በወንዛችን ዳር የተከለቻት፣ በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር፣ የውኃውን ከፍታ በአንዲት ቀላል የመረጃ ቋት እየመዘገበች፣ የእሳተ ገሞራው ተራራ የአመድ ጎርፍ ሳይደርስ ሳይረን ታስጮህ፣ ቆፋሪዎቹም ይወጡ ነበር። ኮምፒውተሯ ያለ ማዕረግ በመሥራቷ ስላሳፈረችዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።

፪. "ዋናው መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ትልቁ እያለ፣ እኛ በዚህች ኮሳሳ እንታይ?" ብለው ያንኑ ግዙፍ የመረጃ ቋት ስላስጫኑልን እናመሰግናለን። ራትሪ "ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ዝሆንን ብስክሌት ላይ ማፈናጠጥ ነው!" ስትልዎ፣ "አንቺ ልጅ፣ እንግዳ የሚያየው ዝሆኑን ነው" ያሉት መልስ እስከ ዛሬ ይወራል።

፫. በምረቃው ዕለት የበዓሉን ቢጫ የሩዝ ቁልል ቆርሰው ሲያበቁ፣ ጎርፍ ሲመጣ ዘቦቻችን የሚቀጠቅጡትን የእንጨት ደወል "ማሽን እያለ እንጨት መደብደብ ኋላ ቀርነት ነው" ብለው ለእንግዳ መቀበያዎ ጌጥ ስለወሰዱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ተራራው ላይ በዘነበ ዕለት የኮምፒውተሯ ማህደረ ትውስታ በዝሆኑ ሞልቶ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ጎርፉ አልቆመም። ፓክ ቱጊራን ሳይረኑ ዝም ማለቱን አይቶ፣ "እሱም እንደ ሚስቴ ነው፣ ካልጮኸ ሰላም ነው፤ አንድ መኪና አሸዋ እንጨምር!" ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው። ከዚያ ወዲያ የተናገረውን የሰማ የለም።

አሁን ደግሞ በምትተከለው አዲስ ኮምፒውተር ላይ የዚያው የመረጃ ቋት "ይበልጥ የተሟላ" ዓይነት እንደሚጫን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ አንብበናል። እባክዎ፣ ቀላሏን ይመልሱልን። ለእንግዳ የሚታይ ያማረ ሥዕላዊ መግለጫ የላትም፤ የምታውቀው የውኃውን ከፍታ መያዝና ሲበዛ ማስጮህ ብቻ ነው። እኛም ሌላ አልጠየቅንም።

ከጭቃው ውስጥ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ ታዛዥዎ፣
ሰኖአጂ፣ የወንዝ ዳሩ ሻይ ቤት ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ስጽፍ ተራራው ጠቁሯል። የፓክ ቱጊራን ባለቤት ቡ ላስሚ የሟቹን አካፋ ተሸክማ ስታልፍ፣ "ሳይረኑ ተሠራ እንዴ?" አለችኝ። ጥያቄውን ለሚመለከተው ክፍል፣ ለእርስዎ፣ መርቼዋለሁ። እሷ ግን መልስዎን ሳትጠብቅ ወደ ወንዙ ወርዳለች።